ሽማግሌ በር ሲያንኳኳ፦ የድሮውና የዛሬው የወንጀል ሕግ ስለ ልጅዎ ምን ይላሉ?

እሑድ ከሰዓት ነው እንበል። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በቤትዎ ነዎት። ምሳ ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የግቢው በር ይንኳኳል። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከሌሞ ገጠር መጥተዋል። አንደኛቸው የአባትዎ የቅርብ ጓደኛ ናቸው። ተነሥተው ይቀበሏቸዋል፤ ወንበር ይለቀቅላቸዋል፤ ቡና ይቀርብላቸዋል።

የመጡበትን ጉዳይ እርስዎም ያውቁታል። 10ኛ ክፍል የምትማረው የእኅትዎ ልጅ ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ተይዛ ተወስዳለች። ዕድሜዋ 16 ነው። አባቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

«ልጄ» ብለው ይጀምራሉ ሽማግሌው። «ነገሩ አንዴ ሆኗል። ልጅቷ ደህና ናት፣ ሰው ቤት ናት። ልጁም የሰው ልጅ ነው፤ ሊያገባት ነው። ክስ የሚባለው ይቅርና እንደ ባህላችን እንጨርሰው። አባቷ ሌላ ሰው አይሰማም፣ የከተማ ዘመዱን ግን ይሰማል።»

ምን ይመልሳሉ?

ይህን ያነሣነው ለምሳሌ ነው። ሆኖም በሀዲያና በከምባታ፣ በአርሲም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ያደገ ሰው እንዲህ ያለ እሑድ ባዕድ አይሆንበትም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ የሚመልሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ፣ ከተማ የሚኖር፣ ደመወዝ ያለው፣ «ነገር ያውቃል» የሚባል ዘመድ ነው። ስለዚህ ከመመለስዎ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 በፊት ቢሆን ኖሮ የአገሪቱ ሕግ ለሽማግሌዎቹ ጥያቄ በር ይከፍት ነበር። ዛሬ ያ በር ተዘግቷል። በሩ መዘጋቱን ግን ሁሉም ቤተሰብ አያውቅም።

ሁለት ሕጎች፣ ሁለት ስሞች

ኢትዮጵያ በሕግ ድሃ አገር አልነበረችም። ከግብፅ መጥቶ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት ለብዙ መቶ ዓመታት የነገሥታቱ ችሎት መመሪያ ሆኖ ኖሯል። ተራው ሰውም ቢሆን መንገድ ላይ ሲጣላ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጁን ይሰበስብ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ ጊዜ፣ በ1923፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ።

ብዙዎቻችን «የድሮው ሕግ» ስንል የምናስበው ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ታወጀ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ሥራ ላይ ዋለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው፣ ደርግ መጥቶ ሄዶ፣ ሕገ መንግሥቱም በ1987 ጸድቆ እንኳ ይህ ሕግ በሥራ ላይ ነበር። በመካከሉ ደርግ የራሱን ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቢጨምርም፣ ስለ ጠለፋና ስለ መድፈር የሚናገሩት ክፍሎች ከ1950 እስከ 1997 ድረስ ለ47 ዓመታት ጸንተው ቆይተዋል።

የዛሬው ሕግ በ1996 በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣው ነው። ስሙም ተለውጧል። የቀድሞው «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ሲባል የዛሬው «የወንጀል ሕግ» ይባላል። በይዘቱም ብዙ አዲስ ነገር ገብቶበታል፤ በኮምፒዩተር የሚፈጸም ወንጀልንና በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የመሰሉ፣ በ1949 ማንም ያላሰባቸው ጥፋቶች ተካተውበታል። ለቤተሰብ ግን ትልቁ ለውጥ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ትልቁ ለውጥ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

አንዲት ዓረፍተ ነገር

የ1949 ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ነው ይላል። በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል ሴትን የጠለፈ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ወዲያው ግን የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በነጻ ፈቃዷ በሕግ የጸና ጋብቻ ካገባችው፣ ጋብቻው በሕግ ካልፈረሰ በስተቀር ክስ አይቀርብበትም የሚል ይከተላል። አንቀጽ 599 ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ወደ አስገድዶ መድፈርም ያሰፋዋል። ተበዳይዋ ደፋሪዋን ካገባች ክስ አይኖርም፤ ተፈርዶበት ከሆነም ቅጣቱ ወዲያው ይቆማል።

«በነጻ ፈቃዷ» የሚለውን እንደገና ያንብቡት። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ክፉ ሐሳብ ነበራቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን የ16 ዓመት ልጅ ለቀናት ወይም ለሳምንታት በጠላፊዋ ዘመዶች ቤት ተቆልፎባት፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?» እየተባለች፣ ሽማግሌ ፊት ቀርባ «እሺ» ብትል ፈቃዷ ነጻ ነበር ወይ ብሎ የሚመረምር ማን ነው? ሕጉ ለጠላፊው የሰጠው ትምህርት ግልጽ ነበር። ከእስር የሚያድነው ልጅቷን መመለስ ሳይሆን ልጅቷን አለመልቀቅ ነው። ሽማግሌ የሚላከውም ለዚሁ ነበር፤ ጋብቻው ከጸና ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን ይዘጋል።

የ1996 ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን ገለበጠው። ለማግባት ሲል ሴትን የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከጠለፋው ጋር መድፈር ካለበት ለመድፈር የተደነገገው ቅጣት ይፈጸምበታል። ከዚያ በኋላ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። ከጠለፋው በኋላ በጠላፊውና በተጠላፊዋ መካከል ጋብቻ መፈጸሙ የወንጀል ተጠያቂነትን አያስቀርም። በተጨማሪም ተበዳይዋ ለደረሰባት የሞራልና የቁሳቁስ ጉዳት በፍትሐ ብሔር ካሣ የመጠየቅ መብቷ እንደተጠበቀ ነው።

«ባህላችን» የምንለው የማን ነው?

ብዙ ሰው ይህን ለውጥ ሲሰማ «የፈረንጅ ሕግ ባህላችን ላይ ተጫነ» ይላል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። ጠላፊው ካገባ አይከሰስ የሚለው ድንጋጌ በ1810 እ.ኤ.አ. በወጣው የፈረንሳይ የወንጀል ሕግ ውስጥም ተጽፎ ነበር። ጣልያንም ደፋሪ ተበዳይዋን ካገባ ነጻ ይሆናል የሚል ሕግ ነበራት።

በ1965 እ.ኤ.አ. በሲሲሊ ደሴት ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ሁሉም እንድታገባው ሲጠብቅ እርሷ እምቢ አለች። ከሁሉ የሚደንቀው አባቷ ከጎኗ መቆማቸው ነው፤ ቤተሰቡ ብዙ ማስፈራሪያ ደርሶበታል። ጠላፊው ተፈርዶበት ታሰረ። ያም ሆኖ ጣልያን ያንን ሕግ የሻረችው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ሞሮኮ በ2014፣ ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስና ቱኒዚያ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. መሰል ድንጋጌዎቻቸውን አነሡ። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ቀድማለች። ይህን ለልጆቻችን በኩራት ልንነግራቸው ይገባል።

ሕጉ ከመለወጡ በፊት የተከፈለው ዋጋ

ሕግ ዝም ብሎ አይለወጥም። «ድፍረት» የተሰኘውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም አይተውት ይሆናል። መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለችው። ተከሰሰች። በወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ያዘላት፤ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። ወ/ሮ መዓዛ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾመዋል።

ከዚያ በኋላ በ1993፣ እንደገና አርሲ ውስጥ፣ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። አመለጠች፤ ጠላፊው በዋስ ወጥቶ እንደገና ወሰዳት፤ የጋብቻ ወረቀት እስክትፈርም ድረስም ይዞ አቆያት። ያቺ ወረቀት በድሮው ሕግ ለጠላፊው ጋሻ ነበረች። በ1995 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በዋናው ጥፋተኛ ላይ የ10 ዓመት፣ አብረውት በነበሩት በአራቱ ላይ ደግሞ የ8 የ8 ዓመት እስራት ፈረደ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፍርዱን ሽሮ ሁሉንም ለቀቃቸው። ልጅቷና ጠበቆቿ ግን አልተዉትም። ጉዳዩ እስከ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄደ። ኮሚሽኑም በ2015 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ልጅቷን ሳትጠብቃት ቀርታለች ብሎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ የተፈረደባቸው ጠላፊው ብቻ አልነበረም። አብሮ የጎተተ፣ መንገድ የጠበቀ፣ ቤቱ የደበቀ ሁሉ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። «እኔ ሞተር ሳይክሌን ነው ያዋስኩት» የሚል ወጣት በቤተሰብዎ ካለ ይህን ንገሩት። ሁለተኛ፣ ጥሩ ሕግ ብቻውን በቂ አይደለም። ልጅቷን ለ14 ዓመት ያቆማት ከጎኗ የቆመ ሰው መኖሩ ነው።

ዱራሜ ከሕጉ ቀድማ

ከሆሳዕና ብዙም ሳንርቅ በከምባታ የሆነው ነገር ደግሞ ሕግና ሕዝብ እንዴት እንደሚገናኙ ያሳያል። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ገጠር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተገርዘው፣ እየሩሳሌምና አሜሪካ ድረስ ሄደው የተማሩ ሴት ነበሩ። በ1990 አካባቢ ከእኅታቸው ከፍቅርተ ጋር ዱራሜ ላይ ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ የከምባታ ሴቶች በአንድነት ሲቆሙ እንደማለት ነው።

ሥራቸውን የጀመሩት ግርዛትን በማውገዝ አልነበረም። መጀመሪያ ሕዝቡን ምን እንደሚፈልግ ጠየቁ። ሕዝቡም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እናቶች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ አለን ብሎ አልተናገረም፤ ድልድይ የለንም አለ። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ኤች አይ ቪ መነጋገር የጀመረው። እናቶች፣ አባቶች፣ ገራዦቹ ራሳቸውና የዕድር ዳኞች በአንድ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን፣ ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ መደሰቱን በአደባባይ የገለጹበት ሠርግ ዱራሜ ላይ ተደረገ። «ያልተገረዘች አታገባም» የሚለው ፍርሃት በሠርግ ቀን ተሰበረ ማለት ነው። ከመቶ መቶ ሊባል ይችል የነበረው ግርዛት በአሥር ዓመት ውስጥ በአካባቢው እጅግ መውረዱ ተመስክሯል። ዶ/ር ቦጋለችም የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት አግኝተዋል። በ2012 መጀመሪያ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ልብ ይበሉ፤ ያ ሠርግ የተደገሰው አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ነው። የ1949 ሕግ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት በስም የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም። የ1996 ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ አደረገ፤ የሴትን ብልት መስፋት ደግሞ በአንቀጽ 566 ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ በአካል ወይም በጤና ላይ ጉዳት ከደረሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት ያስቀጣል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል የተገረዙት በ2000 እ.ኤ.አ. 80 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 65 በመቶ ሆነዋል። ለውጥ አለ፤ ግን ዝግ ያለ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የ500 ብር መቀጮ ዛሬ ለአታካና የሚሆን አንድ ኪሎ ቅቤ እንኳ አይገዛም። ከምባታን የለወጠው መቀጮው ሳይሆን ጎረቤት ጎረቤቱን ማየቱ ነው።

የሕጉ አርቃቂዎችም ይህን አላጡትም። በሕጉ መግቢያ ላይ፣ ሕዝብ ያላመነበት ሕግ ሥራ ላይ ለመዋል እንደሚቸገር፣ ያም ሆኖ ሕግ አውጪው አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ እየመራ ሕዝቡን ከጎጂ ልማድ ማላቀቅ እንዳለበት አስፍረዋል።

ድሮና ዘንድሮ ባጭሩ

*ጠለፋ፦* ድሮ እስከ 3 ዓመት፤ ጋብቻ ከተፈጸመ ክስ የለም። ዛሬ ከ3 እስከ 10 ዓመት፤ ጋብቻ ተጠያቂነትን አያስቀርም።

*አስገድዶ መድፈር፦* ድሮ እስከ 10 ዓመት። ዛሬ ከ5 እስከ 15 ዓመት፤ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ከ5 እስከ 20 ዓመት፤ ከ13 ዓመት በታች ባለች ሕፃን ላይ የተፈጸመ እንደሆነ ከ13 እስከ 25 ዓመት።

*ያለ ዕድሜ ጋብቻ፦* በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንድ 18 ነበር። ዛሬ ለሁለቱም 18 ነው። በቤተሰብ ሕግ ከተፈቀደው ውጭ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን ያገባ፣ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል (አንቀጽ 648)።

*በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ፦* ድሮ ራሱን የቻለ አንቀጽ አልነበረውም፤ ሚስቱን የደበደበ የሚጠየቀው እንደ ማንኛውም አካል ያጎደለ ሰው ነበር። ዛሬ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛንና ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖርን ሰው በስም ጠቅሶ ይከላከላል።

*ጽንስ ማቋረጥ፦* ድሮ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ካልሆነ አይፈቀድም ነበር። ዛሬ እርግዝናው ከመድፈር የመጣ ከሆነ በሕክምና ተቋም ማቋረጥ ተፈቅዷል፤ ለማስረጃም የሴቲቱ ቃል ይበቃል።

*ቅጣት፦* የድሮው ሕግ ለአንዳንድ የስርቆት ወንጀሎች ጅራፍ ይፈቅድ ነበር፤ አዲሱ አስቀርቶታል። የሞት ቅጣት በሁለቱም አለ፤ አዲሱ ሕግ ግን በአደባባይ በስቅላት እንዳይፈጸም ይከለክላል።

ያልተለወጡ ነገሮችም አሉ። በሁለቱም ሕጎች 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። በሁለቱም ሕጎች አስገድዶ መድፈር የሚባለው «ከጋብቻ ውጭ» የተፈጸመው ነው፤ በትዳር ውስጥ ለምትገደድ ሴት ይህ አንቀጽ ዛሬም አይደርስላትም። ልጅን ለማረም ተገቢ በሆነ መጠን መቅጣትም አሁንም ወንጀል አይደለም፤ ልጅን ማሠቃየትና ቸል ማለት ግን ያስቀጣል።

ሽማግሌውን ምን ይበሉ?

ወደ እሑዱ እንመለስ። ቡናው ቀዝቅዟል፤ ሽማግሌዎቹ መልስዎን እየጠበቁ ነው።

በአማርኛ «ሴራ» ሲባል ተንኮል ነው የሚታሰበን። በሀዲይሳና በከምባትኛ ግን ሴራ ማለት ሕግ ነው፣ ሥርዓት ነው። ሽማግሌ የሚከበረውም ይህን ሥርዓት ስለሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን አያሳፍሯቸው፤ የሚችሉትንና የማይችሉትን ግን ይለዩላቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባህላዊ ዳኝነትን የሚፈቅደው ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ነው እንጂ በወንጀል አይደለም። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን ይከለክላል።

ሽማግሌዎች ልጅቷ ዛሬውኑ፣ በሰላም፣ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ማድረግ ይችላሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች ደም እንዳይቃቡ ማብረድ ይችላሉ። ስለ ካሣ መነጋገር ይችላሉ። ወንጀሉን ግን ማጠፍ አይችሉም። ይህንን በአክብሮት ቢነግሯቸው፣ ብዙ ጊዜ ከሚያስቡት በላይ ይረዱዎታል። ሽማግሌም የሚሟገትለት ሰው ሲፈልግ ነው የሚመጣው፤ «ሕጉ አልፈቀደልኝም» ብሎ የሚመለስበት ቃል ከሰጡት ራሱንም ከጫና ያወጡታል።

በልጅቷ በኩል ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሰዓቱ ወሳኝ ነው።

• የት እንዳለች እንደታወቀ ለፖሊስ ያመልክቱ። ሽምግልናው እስኪያልቅ አይጠብቁ።

• እንደተገኘች በአቅራቢያዋ ወዳለ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ሆሳዕና ከሆኑ ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል አለልዎት። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የእርግዝና መከላከያውም በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ከምርመራው በፊት አትታጠብ፤ የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ ይቀመጥ።

• ዕድሜዋን የሚያሳይ ማስረጃ ይሰብስቡ፤ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ። ቅጣቱ በዕድሜዋ ይለያያልና።

• ማንኛውም ዓይነት የጋብቻ ወረቀት እንድትፈርም አይፍቀዱ።

• ከሁሉ በላይ ልጅቷን ራሷን ይስሟት። «ስምሽ ጠፋ» የሚል ቃል ከቤትዎ አይውጣ። ወደ ትምህርት ቤቷ የምትመለስበትን መንገድ ከወዲሁ ያስቡበት፤ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ከተማ ተቀምጣ ትማር ይሆናል።

የድሮው ሕግ ጥያቄውን ለቤተሰብ ትቶት ነበር፤ አግቧት ካላችሁ እኔ የለሁበትም ብሎ። የዛሬው ሕግ በሩን ዘግቷል። ነገር ግን ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም የሚያውቀው አንድ ሰው ሲነግረው ነው። የሲሲሊዋን ልጅ ያዳናት እምቢታዋና የአባቷ ከጎኗ መቆም ነበር። የከምባታን ልጆች ያዳናቸው የዕድር ሰዎች አንድ ላይ መቀመጣቸው ነበር። በሌሞም ይሁን በአዲስ አበባ፣ በእርስዎ ሳሎን የሚሰጠው መልስ ከዚያ ያነሰ አይደለም።

ሽማግሌዎቹን አክብረው ይሸኟቸው። ቆጮውንም ያቅርቡላቸው። ከዚያ ስልክዎን አንሥተው ለልጅቷ አባት ይደውሉለት፤ «ነገ ጠዋት አብረን ነው ፖሊስ ጣቢያ የምንሄደው» ይበሉት። እንዲያውም ነገን ለምን ይጠብቃሉ? ገና አልመሸም።